ከጉዳቱ በታች ያሉት ነርቮች አልሞቱም

ይህን የምጽፈው የህብለ ሰረሰር ጉዳት ለደረሰባችሁና እናንተን ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ነው። በተለይ ጉዳቱ ገና ትኩስ ለሆነባችሁ። እኔ በመኪና አደጋ አንገቴ ላይ ተጎድቻለሁ። ቦታው በሐኪሞች አጠራር ሲ6 ይባላል። ትከሻዬ ይሠራል፣ ክርኔን አጥፋለሁ፣ የእጄን አንጓ ወደ ላይ አነሳለሁ። ጣቶቼ፣ ወገቤና እግሮቼ ግን አይታዘዙኝም። የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው።

ከተጎዳሁ በኋላ በአንድ የኒውሮሳይንስ ጥናት ተሳታፊ ሆኛለሁ። እዚያ ያየሁት ነገር ስለ ገዛ ሰውነቴ የነበረኝን ግንዛቤ ከሥሩ ቀየረው። ተነስቼ አልሄድኩም፤ እንዲህ ዓይነት ታሪክ ፈልጋችሁ ከሆነ እዚህ አታገኙም። ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይህን ቢያስረዳኝ ብዙ ነገር ይቀልልኝ ነበር። ዓመተ ምህረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

መጀመሪያ ስለ ምርመራው። በአደጋው ሰሞን ለቤተሰቤ የተነገራቸው ጉዳቱ "ኮምፕሊት" (ሙሉ) እንደሆነ ነው። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ህብለ ሰረሰሩ ለሁለት ተበጥሶ የቀረ መሰለው። ብዙ ቤተሰብ እንደዚያ ነው የሚመስለው። እውነቱ ሌላ ነው። ህብለ ሰረሰር በአደጋ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አይበጠስም። ይጨፈለቃል፣ ይደማል፣ ያብጣል። ከዚያ በሚቀጥሉት ሰዓታትና ቀናት እብጠቱና የደም እጥረቱ በመጀመሪያው ምት የተረፉ ሴሎችንም ይጎዳል። የአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር ርዝመቱ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት ብዙም አይበልጥም። በዚያች ጠባብ ቦታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሕይወት ያለው ሥጋ ተረፈ ወይስ አልተረፈም የሚለው ነገር ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ደግሞም "ኮምፕሊት" ወይም "ኢንኮምፕሊት" (ከፊል) የሚባለው በኤምአርአይ ብቻ ታይቶ አይደለም። በእጅ በሚደረግ ምርመራ ነው የሚለየው። ሐኪሙ በጥጥና በመርፌ ጫፍ በቀኝም በግራም 28 የቆዳ ቦታዎችን እየነካ ስሜት መኖሩን ይጠይቃል። በእያንዳንዱ ጎን የ10 ጡንቻዎችን አቅም ከ0 እስከ 5 ይለካል። በመጨረሻ የፊንጢጣን አካባቢ ይመረምራል። ብዙ ሰው በዚህኛው ያፍራል፣ አንዳንዱም "ይቅርብኝ" ይላል። እባካችሁ አይቅርባችሁ። ወደዚያ አካባቢ የሚሄዱት ነርቮች የሚነሱት ከህብለ ሰረሰሩ የመጨረሻ ጫፍ ነው። እዚያ ትንሽ ስሜት ካለ፣ ወይም ጡንቻውን ማጥበቅ ከቻላችሁ፣ ከጉዳቱ ቦታ አልፎ የሚሄድ መስመር ተርፏል ማለት ነው። ደረጃው ከኤ እስከ ኢ ነው። ኤ ማለት እዚያ ስሜትም እንቅስቃሴም የለም። ቢ ማለት ስሜት አለ፣ እንቅስቃሴ የለም። ሲ እና ዲ እንቅስቃሴ የተረፈላቸው ናቸው። ኢ በምርመራው ጉድለት ያልተገኘበት ነው።

በአደጋው ማግስት የሚደረገው ምርመራ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ሰውየው በማደንዘዣ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ስብራት ሊኖርበት ይችላል። በዚያ ላይ "ስፓይናል ሾክ" የሚባል ነገር አለ። ከጉዳቱ በታች ያለው ህብለ ሰረሰር ለቀናት ወይም ለሳምንታት ጭልጥ ብሎ ዝም ይላል፣ ሪፍሌክስ (ያለ ፈቃድ በራሱ የሚመጣ እንቅስቃሴ) እንኳ ይጠፋል። እኔ ሰውነቴ ከተረጋጋ በኋላ እንደገና ስመረመር ደረጃዬ ቢ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ምርመራው መደገሙን ጠይቁ፣ ውጤቱ የተሞላበትን ቅጽ ኮፒም ውሰዱ። የትም ብትሄዱ፣ የትኛውም ጥናት ውስጥ ለመግባት ብትፈልጉ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

አንድ ጡንቻ በፈቃድ እንዲንቀሳቀስ ቢያንስ ሁለት የነርቭ ሴሎች ይቀባበላሉ። የመጀመሪያው አንጎል ውስጥ ነው። አክሶን የሚባለው ረጅም ክሩ ከአንጎል ይወርዳል፤ አንጎል ከህብለ ሰረሰር ጋር ሊገናኝ ሲል አብዛኛው ክር ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራል። ለዚህ ነው የግራ አንጎል ቀኝ እጅን የሚያዘው። ይህ ሴል የላይኛው ሞተር ኒውሮን ይባላል። ሁለተኛው ራሱ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ፣ በፊት በኩል ነው የሚቀመጠው። ከላይ የመጣውን ትእዛዝ ተቀብሎ የራሱን ክር በቀጥታ ወደ ጡንቻ ይልካል። ይህኛው የታችኛው ሞተር ኒውሮን ነው። ወደ እግር ጣቶች አካባቢ የሚሄደው ክር አንድ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል፤ አንድ ሴል ብቻውን! አንዱ ሞተር ኒውሮን በዓይን ጡንቻ ውስጥ ጥቂት የጡንቻ ክሮችን ብቻ ያዛል። በባት ጡንቻ ውስጥ ግን ከአንድ ሺህ በላይ ሊያዝ ይችላል። በ1932 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን ዕድሜውን የፈጀው እነዚህን ሴሎች በማጥናት ነው። ከአንጎል የመጣ ፈቃድም ይሁን ከቆዳ የመጣ ድንገተኛ ሪፍሌክስ፣ ጡንቻ ጋ ለመድረስ ሁሉም በእነሱ በኩል ማለፍ ግድ እንደሆነ ያሳየው እሱ ነው።

እንግዲህ አንገቴ ሲጨፈለቅ የሆነው ይህ ነው። ከጉዳቱ በላይ ያለው ሁሉ ደህና ነው። ልክ ጉዳቱ ያረፈበት ቦታ ላይ የነበሩት የታችኛው ሞተር ኒውሮኖች ራሳቸው ሞተዋል። ከዚያ በታች ያሉት ግን በሕይወት አሉ። ከጡንቻቸው ጋር እንደተገናኙ ናቸው። የቀረባቸው ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ነው።

ይህን ልዩነት በገዛ ሰውነታችሁ ላይ ማየት ትችላላችሁ። የታችኛው ሞተር ኒውሮን የሞተበት ጡንቻ ልፍስፍስ ይላል፣ በፍጥነት ይሟሽሻል፣ ሪፍሌክስ የለውም። ትእዛዝ ብቻ የቀረበት ጡንቻ ግን ይገተራል፣ ይኮማተራል፣ ጉልበታችሁ ሲመታ እግራችሁ ይፈናጠራል። እኔ ክርኔን የሚዘረጋው ጡንቻ ልፍስፍስ ነበር። ጣቶቼ ደግሞ ይጨበጡና ይጠነክራሉ። ሁለቱም "ሽባ" ናቸው፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። ሕክምናቸውም እንደዚያው።

ይህ ለምን ይጠቅማችኋል? ጊዜ የማይሰጥ ነገር ስላለበት። ፊዚዮቴራፒስቷ በትንሽ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ መሣሪያ የእጄን ጡንቻዎች አንድ በአንድ ሞክራቸው ነበር። በኤሌክትሪኩ የሚኮማተረው ጡንቻ የታችኛው ነርቩ ያልተበጠሰበት ነው። እሱ ይቆያችኋል። የማይኮማተረው ግን ነርቩ የሞተበት ነው፤ ነርቭ አልባ ጡንቻ ደግሞ እያደር ወደ ስብና ጠባሳ ይለወጣል። ለእነዚህ ጡንቻዎች ነርቭ የማዛወር ቀዶ ሕክምና አለ። ከጉዳቱ በላይ ከሚወጣ ጤነኛ ነርቭ አንድ ቅርንጫፍ ይወሰድና ትእዛዝ ወዳጣው ጡንቻ ነርቭ ላይ ይሰፋል። ነርቩ ከተሰፋበት ተነስቶ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እያደገ ጡንቻው ጋ መድረስ አለበት። ሲደርስ ጡንቻው ካለቀለት ከንቱ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ፣ ቢቻል በስድስተኛው ወር አካባቢ መሥራት ይመርጣሉ።

እኔ ከትከሻዬ ነርቭ አንድ ቅርንጫፍ ተወስዶ ክርኔን ወደሚዘረጋው ጡንቻ ተዛወረልኝ። ለወራት ምንም አልነበረም። ከዚያ አንድ ቀን ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ስሞክር ጡንቻው ከቆዳው ሥር ብልጭ ሲል ተሰማኝ። እንቅስቃሴ አልነበረም፣ ብልጭታ ብቻ። እያደረ ጠነከረ። ዛሬ ከዊልቸር ወደ አልጋ ስሻገር የምደገፈው በዚያ ክንድ ነው። በ2019 ናታሻ ቫን ዚል የተባለች አውስትራሊያዊት ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር በ16 ሰዎች ላይ የሠራቻቸውን 59 የነርቭ ማዛወሮች ውጤት በ"ላንሴት" መጽሔት አውጥታለች። ክርናቸውን ለመዘርጋት፣ እጃቸውን ለመክፈትና ለመጨበጥ የበቁ ሰዎች አሉበት። በአንገት ጉዳት እጃችሁ ደክሞ ከሆነ "የታችኛው ሞተር ኒውሮኔ የት የት ተርፏል?" ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጥያቄው ራሱ በር ይከፍታል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል ላድርግ። የእጃቸው አንጓ ወደ ላይ የሚነሳላቸው፣ ጣቶቻቸው ግን የማይሠሩላቸው ሰዎች አንጓቸውን ሲያነሱ ጣቶቹ በራሳቸው ጊዜ በመጠኑ ይጨበጣሉ። ጅማቶቹ ስለሚሳቡ ነው። እኔ ኩባያ የማነሳው፣ ማንኪያ የምይዘው በዚህ ነው። ታዲያ የሚያስታምሟችሁ ሰዎች እጃችሁ እንዳይደርቅ ብለው አንጓውንም ጣቶቹንም በአንድ ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው የሚያፍታቱ ከሆነ ጅማቱ ይላላና ያ ጭብጥ ይጠፋል። አንጓው ወደ ላይ ሲሆን ጣቶቹ ይታጠፉ፣ ጣቶቹ ሲዘረጉ አንጓው ወደ ታች ይውረድ። ወንድሜ ይህን ከፊዚዮቴራፒስቷ ተምሮ ለሚረዱኝ ሰዎች ሁሉ ያሳያል።

ወደ ጥናቱ ልሂድ። የጥናቱ ጥያቄ አጭር ነው፦ ጣቱ ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ሰው ጣቱን ለማንቀሳቀስ ሲሞክር ጣቱን የሚያዙት ሞተር ኒውሮኖች ይሰሙታል ወይ?

ዊልቸሬን ጠረጴዛው ሥር አስጠጉት። ክንዴን ስፖንጅ ላይ አሳረፉት። ተመራማሪዋ ቆዳዬን በሚሻክር ነገር ሞዠቅ ሞዠቅ አድርጋ አጸዳችውና ጥቃቅን ኤሌክትሮዶች የተደረደሩበትን ስስ ጨርቅ ዙሪያውን ጠቀለለችልኝ። ምንም የሚወጋ ነገር የለም፤ ከቆዳ ላይ ነው የሚያዳምጠው። ፊት ለፊቴ ባለው ስክሪን ላይ የተሳለ እጅ አለ። የተሳለው እጅ አመልካች ጣቱን ቀስ ብሎ ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

"ከእሱ ጋር አብረሽ እጠፊ" አለችኝ።

"አይታጠፍም እኮ።"

"አውቃለሁ። አንቺ ሞክሪ ብቻ።"

ሞከርኩ። ጣቴ ንቅንቅ አላለም። በሌላኛው ስክሪን ላይ ግን ጸጥ ብለው የነበሩት መስመሮች እዚህም እዚያም ሹል ሹል ማለት ጀመሩ። የተሳለው እጅ ሲያጥፍና እኔ አብሬው ስሞክር ሹሎቹ ይበዛሉ። "እረፊ" ስትለኝ ቀስ በቀስ ይጠፋሉ። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። "ማሽኑ እያደናገረ ቢሆንስ?" አለ። ተመራማሪዋ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ጥያቄው ደስ አላት። ስክሪኑን ወደ እሱ ብቻ አዞረችውና ሞክሪ፣ እረፊ፣ ሞክሪ የሚለውን ትእዛዝ እሱ በፈለገው ጊዜ እንዲሰጠኝ አደረገች። እኔ ምንም አላይም። ወንድሜ እያዘዘኝ ስክሪኑን ሲያይ ድምፁ ተቀየረ። "እየሰማሽ ነው" አለኝ። "ጣትሽ እየሰማሽ ነው።"

እያንዳንዱ ሹል አንድ ሞተር ኒውሮን ተኩሶ የጡንቻ ክሮቹን ሲያነቃ የሚፈጠር ምልክት ነው። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ጣቱን ለማጠፍ የሚበቃ ጉልበት አያወጡም። ግን አሉ፤ እኔንም ይታዘዛሉ። ሁሉም ጣት እንደዚያ አልሆነልኝም። በትንሿ ጣቴ ምንም አልታየም፣ ይህንንም በግልጽ ነገሩኝ። በ2024 በጀርመን ኤርላንገን ኑረምበርግ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እጃቸው ጨርሶ በማይንቀሳቀስ 8 ሰዎች ላይ ይህንኑ አሳይተዋል። ሰዎቹ በእነዚያው ሞተር ኒውሮኖች አማካይነት በኮምፒውተር ላይ ያለ እጅ ማንቀሳቀስ ችለዋል። አንጎል ውስጥ ምንም ሳይቀበር፣ ከቆዳ ላይ ብቻ።

በሌላ ቀን ደግሞ ጭንቅላቴ ላይ የማግኔት ጥቅልል አስጠግተው የአንጎሌን የእጅ ክፍል አነቁት። ይህ ዘዴ በ1985 በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ የጀመሩት ነው። ቀጭ ይላል፣ አያምም። ጤነኛ ሰው ላይ ምልክቱ ከአንጎል እጅ ጡንቻ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ያህል ጊዜ ነው የሚፈጅበት። የእኔ ዘግይቶና ደክሞ ደረሰ። ደረሰ ግን።

ከጉዳቱ በታች ያሉት ሴሎች በሕይወት መኖራቸው መልካም ዜና ብቻ አይደለም። መኮማተሩም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ጤነኛ ሰው ላይ ሞተር ኒውሮኖች የሚያነቃም የሚያበርድም ምልክት አላቸው። ከጉዳት በኋላ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ፍሬኑ ይላላል፤ ኬሲሲ2 የሚባል ፕሮቲን ከሴሉ ሽፋን ላይ ስለሚቀንስ የማብረጃው ምልክት አቅም ያጣል። ሁለተኛ፣ ከአንጎል ግንድ የሚመጣው ሴሮቶኒን የተባለ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ሲቋረጥ የሴሮቶኒን ተቀባዮቹ ያለ ሴሮቶኒንም ራሳቸውን ማንቃት ይጀምራሉ። ስለዚህ አንዴ የተነካ ሞተር ኒውሮን ቶሎ አይቆምም፤ አንሶላ እግራችሁን ሲነካው የሚነሳው መንቀጥቀጥ ረጅም የሚሆነው ለዚህ ነው። ሁለቱም ግኝቶች በ2010 የወጡ ናቸው፣ በዋናነት በአይጦች ላይ ከተሠሩ ጥናቶች።

መኮማተር ሲመጣ ቤተሰብ "መንቀሳቀስ ጀመረች!" ብሎ እልል ይላል። ይህ ሪፍሌክስ እንጂ ፈቃድ እንዳልሆነ ቀደም ብሎ ቢነገራቸው ደስታቸው ወደ ሐዘን አይገለበጥም። መኮማተሩ ጥቅምም አለው፤ የጡንቻን መጠን በመጠኑ ያቆያል፣ አንዳንዱ ሰው ለመሻገር ይጠቀምበታል። ሁሉንም ለማጥፋት አትቸኩሉ። ድንገት ከባሰ ግን ሰውነታችሁ የሆነ ነገር እየነገራችሁ ነው። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ ሊቆስል የጀመረ ቆዳ ወይም ወደ ሥጋ የገባ የእግር ጥፍር ፈልጉ። ባክሎፌን የተባለውን የመኮማተር ማስታገሻ የምትወስዱ ከሆነ በራሳችሁ ፈቃድ በአንዴ አታቋርጡት፤ ድንገት ማቆም የሚጥል በሽታና ቅዠት እስከማምጣት ይደርሳል። ሴሮቶኒን የሚጨምሩ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም መኮማተሩን ሊያብሱ ይችላሉ። አዲስ መድኃኒት ከጀመራችሁ በኋላ ለውጥ ካያችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ጉዳታችሁ በቲ6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ማለትም ከደረት መሃል አካባቢ ወደ ላይ፣ "ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ" የሚባል አደጋ አለባችሁ። የደም ሥሮችን የሚያጠብቡት ነርቮች ከጉዳቱ በታች ናቸው፤ አንጎል ሊያበርዳቸው አይችልም። ፊኛ ሲሞላ፣ ሆድ ሲደርቅ ወይም ልብስ ሲጠብቅ የደም ግፊቱ ይተኮሳል። ምልክቱ ጭንቅላትን የሚያፈርጥ ራስ ምታት፣ ከጉዳቱ በላይ ላብና መቅላት፣ የአፍንጫ መታፈን፣ የልብ ምት መዘግየት ነው። እንደኛ ያለ ሰው የተለመደ የላይኛው ግፊቱ 90 ወይም 100 ሊሆን ስለሚችል 130 ብሎ ማየት ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፣ ለእኛ ግን አደጋ ነው። ከለመዳችሁት ከ20 እስከ 40 ከጨመረ ዝም አትበሉ። ወዲያው ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ አትተኙ። እግራችሁን አውርዱ። ቀበቶና ጫማ ይፈታ። ካቴተሩ (የሽንት ማውጫው ቱቦ) ታጥፎ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ፣ ፊኛ ይራገፍ፣ ከዚያ ሆድ፣ ከዚያ ቆዳ። ግፊቱን በየጥቂት ደቂቃው ለኩ። ካልወረደ ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል። አንጎል ውስጥ ደም እስከማፍሰስ ይደርሳል። ሁሉም የጤና ባለሙያ ይህን ያውቃል ብላችሁ አትገምቱ። እኔ የተለመደ ግፊቴንና እነዚህን እርምጃዎች በወረቀት ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው የምሄደው፤ አንድ ጊዜ ተረኛው ሐኪም ወረቀቱን አንብቦ ነው ካቴተሬን ያየው።

ስለ ምርምሩ ሁሌ የምጠየቀው "መድኃኒት ሊገኝ ነው?" የሚል ነው። ስፔናዊው የነርቭ ተመራማሪ ራሞን ካሃል በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የአዋቂ አንጎልና ህብለ ሰረሰር ክሮች ከተቆረጡ በኋላ ለማደግ ሞክረው እንደሚቆሙ አየ። ለረጅም ጊዜ ሁሉም "አይሆንም" ብሎ ተቀመጠ። በ1981 ሳሙኤል ዴቪድና አልበርት አጓዮ በሞንትሪያል የእግር ነርቭ ቁራጭ ወስደው የአይጦች ህብለ ሰረሰር ላይ ሲተክሉ ክሮቹ በቁራጩ ውስጥ ረጅም መንገድ አደጉ። ስለዚህ ችግሩ ሴሉ ብቻ አይደለም፤ የሚያድግበት አካባቢም ይከለክለዋል። ከዚያ ማርቲን ሽዋብ በዙሪክ ከከልካዮቹ አንዱን፣ ኖጎ ኤ የተባለውን፣ ተከታትሎ አገኘ። እሱን የሚያግድ መድኃኒት አንገታቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ተሞክሮ በአጠቃላይ ከማስመሰያው (መድኃኒት ከሌለበት ማነጻጸሪያ) የተሻለ ዋና ውጤት አላሳየም፤ ኢንኮምፕሊት በሆኑት ላይ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር ስለታየ ሥራው ቀጥሏል።

በሌላ በኩል ያለው መንገድ የተረፈውን መቀስቀስ ነው። በ2011 ሱዛን ሃርከማና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ሉዊቪል ከደረቱ በታች ለዓመታት ሽባ የነበረ ሰው ህብለ ሰረሰር ላይ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ተክለው እንዲቆም አስቻሉት። ማነቃቂያው ሲበራ እግሩን በፈቃዱ ማንቀሳቀስም ቻለ። በ2018 ሦስት የተለያዩ ቡድኖች፣ አንዱ በስዊዘርላንድ የግሬጎር ኩርቲንና የጆስሊን ብሎክ፣ ሰዎች በማነቃቂያና በልምምድ እየተደገፉ ሲራመዱ አሳዩ። በ2023 ይኸው የስዊዘርላንድ ቡድን የአንድን ሰው አንጎል ከህብለ ሰረሰሩ ጋር ያለ ሽቦ አገናኘ። በ2024 ደግሞ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ከአንገት ቆዳ ላይ በሚደረግ ማነቃቂያ የተሳተፉ 60 ሰዎች ውጤት ወጣ። 72 በመቶው በእጅ ጥንካሬም በአሠራርም ተሻሻሉ። መሣሪያው በዚያው ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

እነዚህን ዜናዎች ስታነቡ ሁለት ነገር አስተውሉ። አብዛኞቹ ለወራት የዘለቀ አድካሚ ልምምድ አለባቸው፤ ማሽኑ መብራቱ ብቻውን አይበቃም። ደግሞ እኔ ራሴ ከመራመድ ይልቅ የምጓጓው ለፊኛ፣ ለደም ግፊትና ለጣት ነው። አብረውኝ የሚታከሙ ብዙዎችም እንደዚያው ይላሉ። ጥናቱ ምን ለማሻሻል እንደታሰበ ጠይቁ፤ የእናንተን ጉዳይ ላይነካ ይችላል።

ገንዘብ ክፈሉና ስቴም ሴል እንስጣችሁ የሚሉ አሉ። እኔም ጋ ደርሰዋል። የታካሚዎች ምስክርነት ቪዲዮ እንጂ የታተመ ውጤት አላሳዩኝም። እንዲህ ዓይነት ሕክምና ወስደው ከዓመታት በኋላ ህብለ ሰረሰራቸው ላይ እጢ የበቀለባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተመዝግበዋል። የተረፉትን ሞተር ኒውሮኖች ሊያሳጣችሁ ይችላል። በተጨማሪም አንዴ ሴል የተወጋ ሰው ከብዙ ትክክለኛ ጥናቶች ይገለላል። እውነተኛ የምርምር ሙከራ በይፋ የተመዘገበ ነው፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶታል፣ ለሙከራው ሕክምና ክፍያ አይጠይቅም። የስምምነት ቅጹንም ቤት ወስዳችሁ እንድታነቡ ይሰጧችኋል።

ከመፈረሜ በፊት የጠየቅኳቸውን ልንገራችሁ። ማስመሰያ የሚያገኝ ቡድን አለ ወይ? እኔ እዚያ ብደርስ በኋላ ሕክምናውን አገኛለሁ ወይ? በመካከል ብተው ምን ይሆናል? ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? ጥናቱ ሲያልቅ መሣሪያው ከእኔ ጋር ይቀራል ወይስ ይወሰዳል? ይህ ጥናት ከሌላ ጥናት ያስወጣኛል? ለዊልቸር የሚመች መጓጓዣና ለአጃቢ ቦታ አለ? የመጨረሻው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ሰው ግን በእሱም ምክንያት ያቋርጣል። እስከዚያው ቆዳችሁን ጠብቁ፦ ዊልቸር ላይ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ ክብደታችሁን ከመቀመጫው አንሱ፣ አልጋ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ተገላበጡ። የመቀመጫ ቁስል ያለበትንና መገጣጠሚያው የደረቀበትን ሰው አብዛኞቹ ጥናቶች አይቀበሉም።

እኔ አሁን ከቆዳ ላይ በሚደረገው የእጅ ማነቃቂያ የሚሠራ አንድ ጥናት ውስጥ ለመግባት አመልክቻለሁ። የመጀመሪያውን ምርመራ አልፌያለሁ። ማስመሰያ ቡድን እንዳለው፣ ማስመሰያው የደረሰው ሰው በሁለተኛው ዙር ሕክምናውን እንደሚያገኝ ነግረውኛል። ጥናቱ ሲያልቅ መሣሪያው ይመለሳል። ይህን አውቄ ነው የምፈርመው።